ከስኪ አንድ ቀን እረፍት፦ ስኖውሹ ከቤተሰብ ጋር (ለዴንቨርና ለአውሮራ ሰው) ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዊንተር በመጣ ቁጥር ከዘመድም ከጓደኛም የሚመጣው ጥያቄ ያው ስለሆነ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። የምጽፈው ኮሎራዶ ላለ ሰው ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ስለ ልብሱና ስለ ልጆቹ ያለውን ውሰዱ፣ ቦታዎቹን ዝለሏቸው።

ስኖውሹ ምንድነው? ያው ስኪ አይደለም እንዴ?

አይደለም። መንሸራተት የሚባል ነገር የለውም፣ መራመድ ነው። ከቦት ጫማችሁ ስር የምታስሩት ሰፋ ያለ ነገር ነው፣ ክብደታችሁን ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበትነው ለስላሳ በረዶ ላይ እስከ ጉልበት አትሰምጡም፤ ከስሩ ደሞ የብረት ጥርስ አለው፣ በረዶው ሲጠጥር እሱ ይነክስላችኋል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከእንጨትና ከቆዳ ጠፍር እየሰሩ ለአደንና ለጉዞ ይጠቀሙበት ነበር፣ የአሁኑ አልሙኒየም ወይ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ለመልመድ አስር ደቂቃ ይበቃል። እውነቴን ነው፣ ፓርኪንጉን ዞር ዞር ብላችሁ ስትጨርሱ ለምዳችሁታል።

ለስኪ ብለን ይሄን ሁሉ መንገድ ሄደን ለምን አንድ ቀን እዚህ ላይ እናጥፋ?

ስኪ ደስ ይላል፣ እኔም እወዳለሁ፣ ግን የቤተሰብ ስኪ ቀን እንዴት እንደሚያልፍ የሄደበት ያውቀዋል። ትልቁ ልጅ ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት ገና ሳይከፈት ከጓደኞቹ ጋር ይሰወራል፣ ትንሿ ስኪ ስኩል ገብታ እያለቀሰች ወደ በሩ ታያለች፣ አባት ጀማሪዎቹ ጋ ሲወድቅ ሲነሳ ይውላል፣ እናት ደሞ ሎጁ ውስጥ የሁሉንም ጃኬትና ቦርሳ ታቅፋ ውድ ቺፕስ እየገዛች ጠረጴዛ ትጠብቃለች። ከዛ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ላይ (ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፓርኪንግ ይገናኛሉ፣ ሁሉም ደክሞት፣ ግማሹ ተኮራርፎ። አብረው ሄዱ ይባላል እንጂ አብረው አልዋሉም።

ስኖውሹ ላይ ግን ማንም ማንንም ጥሎ መሄድ አይችልም፣ ሁሉም በእግሩ ነው፣ ፍጥነቱም የወሬ ፍጥነት ነው። አስራ ስድስት አመት ሞልቶት "ይሄ የሽማግሌ ስፖርት ነው" የሚላችሁን ጎረምሳ ከፊት አስቀድሙትና ማንም ያልረገጠውን በረዶ እሱ ይክፈተው። ከኋላ ያለው ሰው በተረገጠ መንገድ በቀላሉ ነው የሚሄደው፣ ከፊት ያለው ግን እያንዳንዷን እርምጃ ይከፍላታል፣ ትንሽ ቆይቶ ኮፍያውን አውልቆ ውሃ ሲጠይቅ ታዩታላችሁ። በዚህ መንገድ የሰባት አመቷም የአስራ ስድስቱም የአባትም ጉልበት እኩል ይሆናል። እኔ ከስኖውሹ በጣም የምወደው ይሄን ነው፣ ቀኑን የሚመራው ከሁሉም ቀስ የሚለው ሰው መሆኑን። ይሄን መቀበል የማይችል ሰው ካለ ያን ቀን ስኪውን ቢሄድ ለሁሉም ይሻላል።

ሌላው ጉልበት ነው። ተከታትሎ ስኪ ያደረገ ሰው ሶስተኛው ቀን ላይ ጭኑ ይቃጠላል፣ ቁልቁል ሲወርድ ጉልበቱ አይታዘዘውም፣ በዛ ድካም ላይ "አንድ ዙር ልጨምር" ሲባል ነው ጉዳት የሚመጣው። መሃል ላይ አንድ ቀን ቀስ ብሎ መራመድ እግርን ያፍታታል፣ በማግስቱ ስኪውም ይጥማል።

ዋጋውስ?

ከስኪ ጋር አይወዳደርም። ትልልቆቹ ሪዞርቶች በር ላይ የሚሸጡት የአንድ ቀን ሊፍት ቲኬት በሰሞኑ ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ለአንድ ሰው፣ ኪራይ ሳይጨምር። ስኖውሹ መከራየት ግን እንደ ሱቁ ለአዋቂ ከ15 እስከ 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ የልጆች ይቀንሳል፣ መራመጃው ቦታ ደሞ ብዙውን ጊዜ ነጻ ነው ወይ የፓርኪንግ ወይ የፓርክ መግቢያ ብቻ ነው የሚከፈለው። ዴንቨር መሃል ወንዙ ዳር ያለው ትልቁ አርኢአይ (የካምፒንግና የስፖርት ዕቃ ሱቅ ነው) ያከራያል፣ ተራራው መንገድ ላይ ያሉት የስኪ ሱቆችም አብዛኞቹ አላቸው። ከተቻለ ከዋዜማው ማታ ውሰዱት፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ፓርኪንጉ ይሞላባችኋል።

ስትከራዩ ሰውየው ክብደታችሁን ይጠይቃችኋል፣ አትፈሩ ንገሩት፣ ቦርሳችሁንም ጨምሩበት ምክንያቱም የጫማው ሳይዝ የሚመረጠው በጠቅላላ ክብደት ነው። ዱላውን (ፖሉን) እምቢ አትበሉ። ጫፉ ላይ ክብ ሳህን መሳይ ነገር ያለውን ነው የምትወስዱት፣ ያለዛ ዱላው ራሱ በረዶው ውስጥ ይጠልቃል።

ልጆች ከስንት አመት ጀምሮ ይችላሉ? ሕፃን አዝሎ መሄድስ?

ከአራት ከአምስት አመት ጀምሮ በራሳቸው ይሄዳሉ፣ ግን ሩቅ አይደለም። በጋ ላይ ሁለት ማይል የሚሄድ ልጅ በረዶ ላይ አንዱን ማይል ከሄደ ጎበዝ በሉት። ልጆች "የት ነው የምንሄደው" ብለው አይደለም የሚጠይቁት፣ "መቼ ነው የምንጫወተው" ነው፣ ስለዚ የጥንቸል ኮቴ መከተል፣ ዛፍ ስር ገብቶ ቅርንጫፉን አራግፎ በረዶውን አናት ላይ ማፍሰስ፣ ከትንሽ ጉብታ ላይ ዘሎ መቀመጥ፣ ይሄ ሁሉ የጉዞው አካል ነው፣ አትቆጡ። ስሌድ እየጎተታችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ ሲደክማቸው ትጭኗቸዋላችሁ፣ ሳይደክማቸው ደሞ ቦርሳ ይጫናል።

ሕፃን ልጅ ማዘልን በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። እናንተ እየተራመዳችሁ ስለሆነ ይሞቃችኋል፣ ጃኬት ሁሉ ታወልቃላችሁ፣ ጀርባችሁ ላይ ያለው ልጅ ግን ምንም አይንቀሳቀስም፣ እናንተ ላብ በላብ ስትሆኑ እሱ እየቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ጀርባ ላይ ሲሆን ፊቱን አታዩትም፣ ስለዚ ሁለተኛ ሰው በየአስር ደቂቃው ጉንጩንና እጁን ይንካለት። እናቶቻችን በአንቀልባ አዝለውን ያልወጡት ተራራ የለም የሚለው ክርክር ደርሶኛል፣ እውነት ነው፣ ግን ያኔ መሬቱ በረዶ አልነበረም፣ ወደ ኋላ የመውደቅ ነገርም አለ። ገና ራሱን ያልቻለ ጨቅላ ከሆነ እቤት ይቆይ፣ አንዳችሁ አብራችሁት ቅሩ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ይዘናት ብንሄድ ትችላለች?

ልባቸውና ጉልበታቸው ጤነኛ ከሆነ ይችላሉ፣ እንደውም ሳይበልጧችሁ አይቀሩም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ዴንቨር ምንም "ማይል ሃይ" እየተባለ ቢሞካሽ 1,600 ሜትር ነው። እሳቸው ሰውነታቸው ገና የአዲስ አበባን አየር ነው የለመደው። እኛ አውሮራ አመታት የተቀመጥነው ግን "የደጋ ሰው ነኝ" የሚለውን ነገር ብንተወው ይሻላል፣ ሰውነት ከፍታ የሚለምደው እዛው ሲኖር ነው፣ ዝቅ ብሎ ሲከርም በሳምንታት ውስጥ ይለቀዋል።

ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁ፦ ሮኪ ማውንቴን ናሽናል ፓርክ ውስጥ ያለው ቤር ሌክ 2,888 ሜትር ነው፣ ብሬክንሪጅ ከተማው ራሱ ከ2,900 በላይ ነው፣ ኤኮ ሌክ ደሞ 3,200 ሜትርን ያልፋል፣ ማለትም የእንጦጦ ጫፍ ያህል። ስለዚ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ካያችሁ (ልጆች ላይ መነጫነጩ ነው ቀድሞ የሚመጣው) እዛው አርፋችሁ ውሃ ጠጡ፣ ካልተሻለ ውረዱ። የከፍታ በሽታ መድሃኒቱ መውረድ ነው። የደም ግፊት ወይ የልብ መድሃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደሞ ቀድማችሁ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እናቶችን የሚጥላቸው ስኖውሹው አይደለም፣ ፓርኪንጉ ላይ ያለው ግግር በረዶ ነው። መኪና በር ላይ ቁጭ እንዳሉ ጫማውን አስሩላቸው፣ ዱላውን አስይዟቸው፣ ከዛ ይነሱ። ማሰሪያውን እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ስታስሩላቸው "ኧረ ተው ልጄ እኔ አስራለሁ" ማለታቸው አይቀርም፣ አትስሟቸው።

ምን እንልበስ?

ጥጥ አትልበሱ፣ ዋናው ሕግ እሱ ነው። ጂንስ፣ የጥጥ ካልሲ፣ የጥጥ ሹራብ፣ ሁሉም ላብና በረዶ ጠጥቶ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ቆም ስትሉ ያንቀጠቅጣችኋል። ከስር ስስ የሱፍ ወይ የስፖርት ልብስ፣ መሃል ላይ ፍሊስ፣ ከላይ ንፋስና ውሃ የማያስገባ። ስኪ የምታደርጉበት ሱሪ ይሆናል፣ ግን ወፍራሙን የስኪ ጃኬት ለብሳችሁ ብትራመዱ በአስር ደቂቃ ውስጥ ትቀቀላላችሁ፣ ቦርሳ ውስጥ ይሁንና ስትቆሙ ትደርቡታላችሁ። ከመኪና ስትወርዱ ትንሽ ከበረዳችሁ በትክክል ለብሳችኋል ማለት ነው።

ጫማው ውሃ የማያስገባ ማንኛውም ቦት ነው፣ የስኪ ቦት ግን አይሆንም። ለልጆች ጣት የሌለው ጓንት ከጣታሙ ይሻላል፣ ጣቶቻቸው አንድ ላይ ሆነው ይሞቃሉ፣ ደሞ ትርፍ ጓንት ያዙ ምክንያቱም የመጀመሪያው መርጠቡ አይቀርም።

የፀሐይ መነጽርና ሰንስክሪን የግድ ነው። "እኛ ጥቁሮች ነን አያቃጥለንም" የሚል ሰው አለ፣ ያቃጥላል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፣ አዲስ የወደቀ በረዶ ደሞ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ይረጫል፣ ከላይም ከታችም ነው የሚመጣባችሁ። ከአገጭ ስርና ከአፍንጫ ስር መቀባት አትርሱ። አይን ደሞ ቆዳ የለውም፣ መነጽር ሳያደርግ የዋለ ልጅ ማታ አይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ ብሎ ነው የሚያለቅሰው።

ጋቢ? ጋቢ ጥጥ ነው፣ መኪና ውስጥ ይቀመጥና ስትመለሱ ልጆቹን ጠቅልሉበት።

የት እንሂድ?

መጀመሪያችሁ ከሆነና ትንሽ ልጅ ካላችሁ ፍሪስኮ ኖርዲክ ሴንተር (ሜዳ ሜዳውን ለሚኬድ ስኪና ለስኖውሹ የተዘጋጀ ቦታ) ጥሩ ነው፣ ዲለን ሪዘርቫየር ዳር ነው። ለስኖውሹ የተለየ መንገድ አለው፣ እዛው ያከራያል፣ ሞቅ ያለ ቤትና ሽንት ቤት አለው። የመግቢያ ፓስ ይከፈላል፣ ግን ልጅ "በረደኝ" ባለ ሰዓት የሚገባበት ቤት ያለው ቦታ ለመጀመሪያ ቀን ገንዘቡን ያወጣል። ኪስቶንና ብሬክንሪጅም የየራሳቸው ኖርዲክ ሴንተር አላቸው። ከኪስቶን ብዙም ሳይርቅ ሳፋየር ፖይንት የሚባል አጭር ዙር አለ፣ ሀይቁን ከላይ ታዩታላችሁ፣ ለአያትም ለሕፃንም ይሆናል።

እኔን ምረጥ ካላችሁኝ ግን ሮኪ ማውንቴን ናሽናል ፓርክ ነው የምለው። አንደኛ አይ-70 ላይ አትገቡም፣ በቦልደር በኩል በ36 አድርጋችሁ ኤስትስ ፓርክ ትገባላችሁ፣ ከዴንቨር ቤር ሌክ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛ በጋ ላይ የሚያስጨንቀው የሰዓት ሪዘርቬሽን ዊንተር ላይ የለም፣ የመግቢያውን ክፍያ ብቻ ነው የምትከፍሉት። ስፕራግ ሌክ ሜዳ ነው፣ ዙሩ አንድ ማይል አይሞላም፣ ከፊታችሁ የተራራው ሰንሰለት ተደርድሮ ይታያል። ከቤር ሌክ ተነስታችሁ ኒምፍ ሌክ ግማሽ ማይል ነው፣ ትንሽ ዳገት አለው፣ ከሰባት አመት በላይ ያለ ልጅ ይወጣዋል። ጉልበት ካለ ድሪም ሌክ ይቀጥላል፣ አንድ ማይል ትንሽ ያልፋል። ከድሪም ሌክ አልፎ ኤመራልድ ሌክ ድረስ ብዙ ሰው ይሄዳል፣ ግን እዛ አቫላንች (የበረዶ ናዳ) የሚወርድባቸው ተዳፋቶች አሉ፣ ከልጆች ጋር ድሪም ሌክ ላይ መመለስ ነው። ሂድን ቫሊ ደሞ እዛው ፓርክ ውስጥ ስሌድ የሚፈቀድበት ብቸኛ ቦታ ነው፣ ድሮ የስኪ ቦታ ነበር፣ ልጆች በመጨረሻ እዛ ከተለቀቁ ቀኑን በሙሉ ያደነቁት እሱን ነው።

የረጋ ሀይቅ ላይ ግቡ አልልም። የሰው ኮቴ ስላያችሁ በረዶው ይችላል ማለት አይደለም።

ኤኮ ሌክ ቅርብ ነው፣ አይዳሆ ስፕሪንግስ ላይ ተገንጥላችሁ በ103 ትወጣላችሁ፣ አንድ ሰዓት ገደማ። ሀይቁን መዞር ብቻ ነው፣ ግማሽ ቀን ላለው ሰው ይሆናል። ብሬናርድ ሌክ ዋርድ አጠገብ ነው፣ በጣም ያምራል፣ ግን ዊንተር ላይ በሩ ስለሚዘጋ እስከ ሀይቁ ሁለት ማይል ያህል መሄጃ አለው፣ ንፋሱ ደሞ አይጣል ነው፣ ጎረምሶች ላሉት ቤተሰብ እንጂ ለትንንሾች አልመርጠውም።

ስኪ ሪዞርቱ ውስጥ ዝም ብለን በስኖውሹ ብንወጣስ?

አይቻልም። ብዙዎቹ በተፈቀደ መስመርና ሰዓት ብቻ ነው የሚያስወጡት፣ አንዳንዶቹ ልዩ ፓስ ይጠይቃሉ። ከላይ በ40 ማይል ፍጥነት የሚመጣ ሰው ፊት ልጅ ይዞ መቆም ምን ይባላል?

አቫላንች እኛን ምን አገባን፣ እሱ የደፋር ስኪ አድራጊዎች ጉዳይ አይደለም?

ይሄንን በደንብ አንብቡት። በአሜሪካ ከየትኛውም ስቴት በላይ በአቫላንች ሰው የሞተው ኮሎራዶ ውስጥ ነው፣ ከሞቱት ውስጥ ስኖውሹ ያደረጉም አሉ። የበረዶ ናዳ ለመውረድ ከላይ ስኪ የሚያደርግ ሰው አያስፈልገውም፣ ከታች ሜዳው ላይ የምትሄዱት እናንተ ከላይ ያለውን ልታስለቅቁት ትችላላችሁ። በብዛት የሚናደው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሆነ ተዳፋት ነው፣ ያ ማለት ደሞ ልጆች አይተው "እዛ ላይ ብንንሸራተት!" የሚሉት ዓይነት ቁልቁለት ነው።

ስለዚ ለቤተሰብ መፍትሄው ቀላል ነው፦ ገደል ላይ አለመውጣት ብቻ ሳይሆን ከገደል ስርም አለመሄድ። በሄዳችሁበት ቀን ጠዋት የኮሎራዶ አቫላንች ኢንፎርሜሽን ሴንተርን ትንበያ ክፈቱ፣ በየቀኑ ያወጣሉ፣ ከ1 እስከ 5 በቀለም ነው፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ሰው 4 እና 5ን ሲያይ እቤቱ ይቀመጣል፣ ብዙ ሰው የሚሞተው 3 ላይ ነው፣ "መካከለኛ ነው እኮ" እየተባለ። ዛፍ መሃል ላይ ድንገት ገላጣ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ፣ ዛፎቹ በአንድ ጎን ብቻ ቅርንጫፍ ካላቸው፣ እሱ ናዳ የሚሄድበት መንገድ ነው፣ እዛ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት የለም። በረዶው ከስራችሁ "ዉምፍ" ብሎ ሲሰጥም ከሰማችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ።

ቢኮን (የተቀበረ ሰው ያለበትን በሲግናል የሚጠቁም)፣ አካፋና መፈለጊያ ዘንግ የሚባሉት መሳሪያዎች አሉ፣ ኮርስ ወስዶ ለተለማመደ ሰው ናቸው። ቢኮን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገደል ስር የሚሄድ ሰው አትከተሉ፣ የተቀበረ ሰው ያለው ጊዜ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ኖርዲክ ሴንተሮችና ስፕራግ ሌክ ሜዳ ስለሆኑ ነው ያስቀደምኳቸው።

መንገዱስ? የኛ መኪና ካምሪ ነው።

በአይ-70 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 የትራክሽን ሕግ አለ። ባለ ሁለት ጎማ ነጂ መኪና (አብዛኛው ካምሪም እዚህ ውስጥ ነው) ለበረዶ የሚሆን ጎማ፣ ጥርሱ ቢያንስ 3/16 ኢንች የሆነ፣ ወይ ሰንሰለት መያዝ አለበት። ተይዛችሁ ከተቀጣችሁ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ መንገድ ከዘጋችሁ ደሞ ከ600 ይበልጣል። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ላይ፣ እሁድ ከሰዓት ወደ ታች ያለውን ትራፊክ የምታውቁት ነው፤ እሁድ ቅዳሴ ስላለ ቅዳሜ ነው የሚቀረን፣ ስለዚ ከጠዋቱ 6 ሰዓት በፊት አይዘንሃወር ታነል አቅጣጫ መሆን ነው ወይ በ36 መሄድ። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሰሞን መሃል ሳምንት ላይ ፈቃድ መውሰድ የምትችሉ ከሆነ ከሁሉም እሱ ይሻላል። መኪና ውስጥ አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ ሙሉ ነዳጅ።

ጾም ላይ ነን፣ ምን እንያዝ?

ነቢያትም ሁዳዴም በረዶ ላይ ነው የሚውሉት፣ ስለዚ ይሄ ጥያቄ የግድ ነው፣ ደግነቱ ደሞ የኛ የጾም ምግብ ለተራራ የተሰራ ነው። ቆሎ አይቀዘቅዝም፣ አይበላሽም፣ ኃይል ይሰጣል። ችግሩ ቆሎን በጓንት መዝገን አይቻልም፣ ጓንት ባወለቁ ቁጥር ጣት ይደነዝዛል፣ ስለዚ ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጉትና ቀጥታ ወደ አፍ ገልበጥ ነው። ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ በሶ በማር ድቡልቡል ተደርጎ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። እንጀራ በፌስታል ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደርቆ ይሰባበራል፣ ፍርፍር ግን ሙቀት በሚይዝ ሰፊ አፍ ፔርሙዝ ውስጥ እስከ ቀትር ትኩስ ይቆያል። ቅርንፉድና ቀረፋ ያለው ሻይ ሌላ ፔርሙዝ ላይ። የውሃውን ጠርሙስ ቦርሳ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ አስቀምጡት፣ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር ክዳኑ አይዘጋባችሁም።

በሀገር ቤት አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ወይ ረመዳን ከሆነ (እነዚህ አመታት እሱም ዊንተር ላይ ነው) አጭርና ዝቅ ያለ ቦታ ምረጡ። ብርድና ባዶ ሆድ አንድ ላይ አይሆኑም፣ አየሩ ደሞ በጣም ደረቅ ነው። ልጆችን ግን አብሉ።

ዳገትና ቁልቁለት ላይ እንዴት ነው የሚኬደው?

እግራችሁን ከወትሮው ትንሽ ከፈት አድርጉ፣ ያለዛ አንዱን ጫማ በሌላው ትረግጡና በግንባራችሁ ትተከላላችሁ። ዳገት ላይ በእግር ጣት በኩል ረገጥ፣ ጥርሱ እዛ ጋ ነው። ቁልቁል ላይ ጉልበት ትንሽ አጠፍ፣ ክብደት ወደ ተረከዝ። ወደ ኋላ መራመድ አይሞከርም፣ ጅራቱ ይሰካና ትወድቃላችሁ፣ መዞር ከፈለጋችሁ ሰፊ ክብ ሰርታችሁ ዙሩ። ከወደቃችሁ ወደ ጎን ተንከባለሉና ተንበርክካችሁ ተነሱ። ሁለት መስመር ተሰርቶ የምታዩት የስኪ መንገድ ላይ አትርገጡ፣ የሰው ልፋት ነው፣ ከጎኑ ሂዱ።

ውሻ ይዘን መሄድ እንችላለን?

ናሽናል ፓርኩ ትሬይል ላይ አይቻልም። ብሬናርድ ላይ ዋናው መንገድ ላይ ብቻ። ሌላ ቦታ በር ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ሽንት ቤትስ?

ከመኪና ከመውረዳችሁ በፊት ሁሉም፣ "አልመጣብኝም" የሚለው ልጅም ጭምር። ሙሉ ልብስ ከለበሰ በኋላ የሚመጣበት እሱ ነው።

ሀበሻና በረዶ ምን አገናኛቸው ለሚለን ዘመድ ምን እንበል?

ሮቤል ተክለማርያም በሉት። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው፣ 2006 ቱሪን ላይ ክሮስ ካንትሪ ስኪ ተወዳድሮ በዊንተር ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፣ 2010 ቫንኩቨርም ተመልሷል። ዘመዱ ካላመነ ዝም ብላችሁ ስኖውሹ አስሩለት።

ስንት ሰዓት ላይ እንመለስ?

ዲሴምበር ላይ ዴንቨር ፀሐይ የምትጠልቀው 4:30 አካባቢ ነው፣ ተራራ መሃል ደሞ ከዛ ቀድማ ከጫፉ ኋላ ትሰወራለች፣ ከተሰወረች በኋላ ብርዱ ወዲያው ነው የሚቀየረው። ስለዚ የመመለሻ ሰዓት ጠዋት ላይ ወስኑ፣ ከቀኑ 1 ሰዓት በሉት፣ የትም ብትደርሱ በዛ ሰዓት መዞር ነው። "ትንሽ ነው የቀረን" የሚል ሰው በየቤተሰቡ አንድ አለ፣ እሱ ሰዓት አይያዝ። ስልክ ከሰውነታችሁ ጋር በሚሞቅ ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ብርድ ላይ ባትሪው ቶሎ ይሞታል፣ ብዙ ቦታ ኔትወርክ ስለሌለ ካርታውን ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፣ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለቀረ ሰው ንገሩ። ችግር ከመጣ 911 ነው፣ ኮሎራዶ ውስጥ የነፍስ አድን ቡድኖቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ለማውጣት ገንዘብ አይጠይቁም፣ ስለዚ ክፍያ ፈርታችሁ እስኪመሽ አትጠብቁ።

ከወደድነው እንግዛ ወይስ እንከራይ?

ለአዋቂ በዊንተሩ ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ ግዙ፣ በተለይ ማርች መጨረሻና ኤፕሪል ላይ ሱቆች ሲያራግፉ፣ ያከራዩትንም ያኔ ነው የሚሸጡት። ያገለገለ ስትገዙ ማሰሪያውን ላስቲኩን ሳብ አድርጋችሁ እዩት፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ብርድ ላይ ይበጠሳል፣ ክፈፉ ምንም ቢያምር ተዉት። የልጆችን ግን ተከራዩ ወይ ከጎረቤት ተዋዋሱ፣ እግራቸው በየአመቱ ነው የሚያድገው።